ራዳሩ ያየውና ያላየው፦ የ2019 ናሽናልስ አራት ወርዋሪዎች

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አባት ናቸው፤ የ15 ዓመት ልጃቸው ቤዝቦል ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋንጫ ካነሳው የዋሽንግተን ናሽናልስ ቡድን አራት ወርዋሪዎች ማን ይበልጣል በሚለው ቤት ውስጥ የማያልቅ ክርክር አለ። ልጅየው ስልኩን አውጥቶ የኳሱን ፍጥነትና ሽክርክሪት እያሳየ ማክስ ሸርዘርን ይመርጣል። አባት ደግሞ «ብዙ ጨዋታ ያሸነፈው ስቲቨን ስትራስበርግ ነው፤ ምን ክርክር አለው?» ይላሉ። «በእነዚህ ቁጥሮች ወርዋሪዎችን የሚያወዳድሩ ባለሙያዎች የሚያዩት ምኑን ነው? ከሁለታችንስ የተሳሳተው ማን ነው?»

ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ግን ትንሽ ይብሳሉ።

ከእርስዎ ልጀምር። በቤዝቦል «ያሸነፈ» ተብሎ የሚመዘገብለት ወርዋሪ በአብዛኛው የራሱ ቡድን መቺዎች በዚያ ቀን ምን ያህል ነጥብ እንዳመጡለት የሚናገር ሰው ነው። ስትራስበርግ በ2019 መደበኛ ውድድር 18 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፤ ሸርዘር 11 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። በዚህ ካየነው ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን በየዘጠኝ ኢኒንጉ (አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር አለው) የተቆጠረባቸው ነጥብ ሲሰላ ሸርዘር 2.92፣ ስትራስበርግ 3.32 ነው፤ ያነሰው ይሻላል። ሸርዘር በ172 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ 243 መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሱን ሳያስመታ፣ አሰናብቷል፤ ስትራስበርግ በ209 ኢኒንግ 251። ወደ ዘጠኝ ኢኒንግ ስናወርደው ሸርዘር ወደ 12.7፣ ስትራስበርግ 10.8 ይሆናል። ሸርዘርን በሐምሌና በነሐሴ ከሜዳ ያራቀው ጀርባው ነበር እንጂ ክንዱ አልሰነፈም።

አንድ የቃል ነገርም ላንሳ። ጨዋታውን ከመጀመሪያው ኢኒንግ የሚወረውረውን ሰው «ጀማሪ ወርዋሪ» ብንለው ለማጅ እናስመስለዋለን። የ210 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመን ሰው ለማጅ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ «ከፋች» እለዋለሁ። የ2019 ናሽናልስ አራት ከፋቾች ሸርዘር፣ ስትራስበርግ፣ ግራኙ ፓትሪክ ኮርቢንና ቬኔዙዌላዊው አኒባል ሳንቼዝ ነበሩ።

አሁን ወደ ልጅዎ ስልክ እንምጣ። ስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር የሚመጣው በየስታዲየሙ ከተተከለ መሣሪያ ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን ውርወራ ከእጅ ከተለቀቀበት ቅጽበት መቺው አጠገቡ እስከሚቆምበት ሆም ፕሌት ድረስ ይከታተላል፦ ኳሱ ከየት ቁመትና ከየት ጎን ተለቀቀ፣ በምን ፍጥነት፣ በደቂቃ ስንት ዙር እየተሽከረከረ፣ በየት በኩል አለፈ፣ መቺው ባቱን (የመምቻ ዱላውን) ሰነዘረ ወይስ ተወ፣ ከተመታስ በምን ፍጥነትና በምን ማዕዘን ወጣ። ለአንድ ውርወራ አንድ ረድፍ ነው። አንድ ከፋች በአንድ ምሽት ወደ መቶ ኳስ፣ በዓመት ከ3 ሺህ በላይ ይወረውራል። ይህ ሁሉ መዝገብ ቤዝቦል ሳቫንት በተባለው ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው፤ ልጅዎ በሠንጠረዥ መልክ ማውረድ ይችላል።

ልጅዎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እሱ ወርዋሪን ከወርዋሪ ያወዳድራል። እኛ የምናወዳድረው ውርወራን ከውርወራ ነው፤ ሰውየውን የምናገኘው መጨረሻ ላይ ነው። «የሸርዘር ሽክርክሪት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትርጉም የለውም፤ ፋስትቦሉ (በሙሉ ፍጥነት የሚወረወረው) ሌላ፣ ስላይደሩ (መጨረሻ ላይ ተንሸራቶ የሚታጠፈው) ሌላ፣ ቼንጅ አፑ (ፋስትቦል መስሎ ዘግይቶ የሚደርሰው) ሌላ ነው። ሦስቱን ደምሮ አማካይ ማውጣት የሽሮን፣ የቡናንና የማርን ዋጋ ደምሮ ለሦስት እንደ ማካፈል ነው። ቁጥር ይወጣል፤ የሚገዛው ነገር ግን የለም።

አንድ ኳስ አብረን እንከተል። ሸርዘር በ2019 ፋስትቦሉን በአማካይ በሰዓት 95 ማይል ገደማ ይወረውር ነበር፤ ወደ 153 ኪሎ ሜትር ነው። ከወርዋሪው መርገጫ እስከ ሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ቢሆንም ወርዋሪ ወደ ፊት ተስቦ ስለሚለቅ ኳሱ በእውነት የሚጓዘው ወደ 16 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ይህን ርቀት በ0.41 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ የመሬት ስበት ብቻውን ኳሱን ከተነሣበት መስመር 80 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ያወርደዋል። ፋስትቦል ግን ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም በተራው ኳሱን ወደ ላይ ይደግፈዋል። ለተራ ፋስትቦል ይህ ድጋፍ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ኳሱ አይነሣም፤ ማንም ሰው ከወርዋሪው ጉብታ ላይ ሆኖ የሚነሣ ኳስ ወርውሮ አያውቅም። የሚወርደው መቺው ከጠበቀው ያነሰ ነው እንጂ። የመቺው ዓይን በሺህ የሚቆጠሩ ተራ ፋስትቦሎች አይቶ አድጓል፤ ባቱን የሚልከው ኳሱ ይደርሳል ብሎ ወደሚገምተው ቦታ ነው። ወርዋሪው ከተለመደው ስምንት ወይም አሥር ሴንቲሜትር ካተረፈ ባቱ ከኳሱ ሥር ያልፋል።

ስለዚህ ስልኩ ላይ «ከስበት የተረፈ ቁመት» የሚለውን መለኪያ ፈልጉ፤ እንግሊዝኛው ስም (induced vertical break) ረጅም ነው፣ ነገሩ ግን ይኸው ነው። ለፋስትቦል ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሽክርክሪት ቁጥሩ የበለጠ ይናገራል። ምክንያቱም ሽክርክሪት ሁሉ አይሠራም። የጠመንጃ ጥይት በጣም እየተሽከረከረ ይሄዳል፤ የመሽከርከሪያ ዘንጉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ስለሚያመለክት ግን በዚያ ምክንያት አይታጠፍም። ኳስም እንዲሁ ነው። ሁለት ወርዋሪዎች በደቂቃ 2,400 ዙር እያሽከረከሩ፣ የአንዱ ኳስ ሁሉንም ዙር ለመደገፊያ ሲጠቀምበት የሌላው ሩቡን በከንቱ ሊያባክን ይችላል። በስልኩ ላይ ግን ሁለቱም «2,400» ናቸው።

ስላይደር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ጥሩ ስላይደር አብዛኛውን ሽክርክሪቱን እንደ ጥይት «ያባክናል»። አየሩ ስለማይደግፈው ስበት ብቻውን ይጎትተዋል፤ ከፋስትቦሉ አጠገብ ሲታይም የተንሸራተተ ይመስላል። በአንዱ ውርወራ ጉድለት የሆነው በሌላው ጥበብ ነው። አማካዩን ያወጣ ሰው ይህን ሁሉ አጣ።

የክንድ ዝርጋታንም እንዳትረሱ። ረጅም እርምጃ ያለው ወርዋሪ ኳሱን ወደ መቺው ጠጋ ብሎ ይለቃል። አንድ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲሜትር ጠጋ ማለት ለመቺው ጊዜ ሲሰላ 1.7 ማይል ገደማ እንደ መጨመር ነው። 93 የሚወረውር ረጅም ሰው 95 ሊመስል ይችላል።

እዚህ ላይ ከመለኪያው ታሪክ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስትራስበርግን ይመለከታል። የእያንዳንዱን ውርወራ መንገድ በካሜራ መመዝገብ የተጀመረው በ2006 የዋንጫ ጨዋታዎች ላይ ፒች ኤፍኤክስ በተባለው ሥርዓት ነው። በ2015 ስታትካስት የሚባለው መጣ፤ ኳሱን የሚከተለው ትራክማን የተባለ ራዳር ነበር። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሥራውን በየስታዲየሙ የተተከሉ 12 የሆክአይ ካሜራዎች ተረከቡት። አሮጌው ሥርዓት ፍጥነቱን የሚያሳየው ከሆም ፕሌት 50 ጫማ ርቀት ላይ ነበር፤ አዲሱ ከእጅ እንደወጣ። ኳስ በጉዞው እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በ2017 የሚታተመው ፍጥነት ከአዲሱ ምንጭ መወሰድ ሲጀምር የሊጉ ወርዋሪ ሁሉ በአንድ የውድድር ዕረፍት ትንሽ ፈጠነ። ማንም አልፈጠነም፤ ያየው ዓይን ተቀየረ።

ስትራስበርግ በ2010 ብቅ ሲል ፋስትቦሉ በአማካይ 97 ማይል ገደማ ነበር። ሰኔ ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው 14 የፒትስበርግ መቺዎችን ሲያሰናብት ከተማው አብዷል። በዚያው ዓመት የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2019 ፋስትቦሉ ወደ 94 ወርዷል። ወረቀት ላይ የሦስት ማይል ልዩነት ነው፤ የመለኪያው ለውጥ ሲታሰብ ደግሞ በእውነት የወረደው ከዚያም በላይ ነው። በልጅዎ አስተያየት ከሄድን የ2019ኙ ስትራስበርግ የ2010ሩ ጥላ መሆን ነበረበት።

የሆነው ሌላ ነው። የወረወራቸውን ኳሶች በዓይነት ስትለዩ በ2019 ከሁሉ አብልጦ የወረወረው ከርቭ ቦሉን፣ ማለትም ጎብጦ የሚወድቀውን ኳስ፣ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከአሥር ኳስ ሦስቱ ገደማ ከርቭ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ቼንጅ አፕ ሆኖ ከከርቩ በተቃራኒ ጎን ይወድቃል። ወጣቱ በፋስትቦል ከፍቶ በከርቭ ይዘጋ ነበር፤ ጎልማሳው በከርቭ ከፍቶ በፈለገው ይዘጋል። ወደ ላይ የሚቆይ፣ ወደ ግራ የሚጠልቅና ወደ ቀኝ የሚወድቅ ኳስ ከአንድ እጅ ከአንድ ቦታ ሲወጣ መቺው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የውሳኔ ጊዜ ከሩብ ሰከንድ አይበልጥም። 94 ማይል እዚያ ውስጥ ይበቃል።

ይህን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ላይ መስቀል አስምሩ። አግድሙ መስመር ኳሱ ወደ ጎን የታጠፈበት፣ ቁሙ ከስበት የተረፈበት ይሁን። ለእያንዳንዱ ውርወራ ነጥብ አድርጉ፤ ሃምሳ ኳስ ይበቃል። ነጥቦቹ በቡድን በቡድን ይሰባሰባሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው በቡድኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ቀጥሎ የእያንዳንዱ ቡድን ነጥቦች ተጠጋግተው ነው ወይስ እንደ ተበተነ ጤፍ? የተበተነ ከሆነ ወርዋሪው ኳሱን አልያዘውም። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ የመልቀቂያ ነጥቦቹን አድርጉ። እነዚህኞቹ ደግሞ መቀራረብ አለባቸው። ከርቩን ሲወረውር እጁ አራት ጣት ከፍ የሚል ሰው ካለ መቺዎች ከእናንተ ቀድመው አይተውታል።

ኮርቢን በዚህ ወረቀት ላይ የተለየ መልክ አለው። ነገሩ ሁሉ ሁለት ኳስ ነው፦ 92 ማይል ገደማ የሚሄድ ሲንከር (ወደ ታች የሚሰምጥ ፋስትቦል) እና አሥር ማይል የሚያንስ ስላይደር። ስላይደሩን ከሦስት ኳስ ከአንድ በላይ ይወረውረው ነበር። ስላይደሩ የስትራይክ ክልል (መቺው ሊመታው የሚገባ ኳስ የሚያልፍበት ቦታ) ውስጥ የሚገባ መስሎ ይመጣና ከጉልበት በታች ይሞታል፤ መቺው ይከተለዋል። በ2019 በ202 ኢኒንግ 238 ስትራይክ አውት ያገኘው በዚህ ነው። ስለ ኮርቢን የማወራው ግን በኋላ ስለሆነበት ነገር ጭምር ነው። በ2020 ሲንከሩ ቀዘቀዘ፤ ሁሉም «ፍጥነቱ ነው» አለ። በ2021 ፍጥነቱ ተመለሰ። ውጤቱ ግን አልተመለሰም፦ በዚያ ዓመት 16 ጨዋታ ተሸነፈ፣ በ2022 ደግሞ 19 ተሸንፎ በየዘጠኝ ኢኒንጉ 6.31 ነጥብ ተቆጠረበት። ራዳሩ ላይ ብቻ ያፈጠጠ ሰው ሰውየው ተሽሎታል ይል ነበር። ስላይደሩ ግን የድሮውን ያህል ባት አላሳተም፤ ሁለት ኳስ ብቻ ያለው ወርዋሪ አንዱ ሲደበዝዝበት የሚሸሸግበት ሦስተኛ የለውም።

ሳንቼዝን ልጅዎ ከዝርዝሩ አውጥቶት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ፋስትቦሉ 90 ማይል ገደማ ነበር፤ ለሜጀር ሊግ ከፋች ዘገምተኛ ነው። ከእርሱ ጋር ግን መቺዎች ቢራቢሮ የሚሉት 70 ማይል እንኳ የማይሞላ ቼንጅ አፕ ነበረው። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ሆም ፕሌት ላይ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በላይ ነው። ባቱን ለፋስትቦሉ የላከ ሰው ኳሱ ሲደርስ ዞሮ ጨርሷል። ሳንቼዝን በስትራይክ አውት ብትለኩት በ166 ኢኒንግ 134 ነው፤ ከአራቱ የመጨረሻው። እንዲህ ያለውን ሰው መለካት ያለባችሁ ከባት በወጣው ኳስ ፍጥነት ነው። ስታትካስት ከባት በ95 ማይልና ከዚያ በላይ የወጣን ኳስ «በኃይል የተመታ» ይለዋል። ሳንቼዝ ባት አያስትም፤ ባት ያዳክማል። እናም በ2019 ብሔራዊ ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ሴንት ሉዊስ ላይ እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ፣ በእርሱም ሁለት መቺዎች እስኪሰናበቱ፣ አንድም ምት ያልሰጠው ይህ ዘገምተኛ ሰው ነው። በማግስቱ ሸርዘር እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ መግቢያ ያንኑ ደገመው። ሁለት ሰዎች፣ አምስት ማይል የሚሆን የፍጥነት ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ምሽት።

«ታዲያ ሳንቼዝም እኩል ነው ማለት ነው?» ይል ይሆናል ልጅዎ። አይደለም፤ አንድ ምሽት ማስረጃ አይደለም። ይህ ክፍል ትንሽ ስሌት አለው፤ ታገሡኝ።

አንድ ወርዋሪ ስላይደሩ ላይ ባት ከተሰነዘረበት ውስጥ 30 በመቶውን አሳተ እንበል። ይህ ቁጥር ከ60 ስንዘራ የወጣ ከሆነ በአጋጣሚ ብቻ 12 ነጥብ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊዋዥቅ ይችላል። ከ18 እስከ 42 በመቶ ማለት ነው፤ በደካማና በድንቅ መካከል ያለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ገባ። ከ400 ስንዘራ የወጣ ከሆነ መዋዠቁ ከአምስት ነጥብ በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው የሚያዝያን ሰንጠረዥ ይዞ «እገሌ ተለወጠ» የሚለውን ሰው የማልሰማው። ፍጥነት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የወርዋሪ የዛሬ ፍጥነት በሃያ ሠላሳ ኳስ ይታወቃል፤ መታጠፉም እንዲሁ ቶሎ ይረጋል። እንግዲህ ቅደም ተከተል አለው ማለት ነው፦ ኳሱ የሠራው ቶሎ ይታመናል፣ መቺው ያደረገው ዘግየት ብሎ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነጥብ በጣም ዘግይቶ። እርስዎ የሚቆጥሩት ድል ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ ነው።

የአየር ነገርም አለ፤ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዴንቨር ያለው የኮሎራዶ ሮኪስ ሜዳ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ከርቭ እዚያ እንደ ባሕር ዳርቻው አይታጠፍም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ሜዳ ቢሠራ ከርቭ ወርዋሪዎች ሁሉ በረሃብ ያልቃሉ። የዚያን ሜዳ ኳሶች ለይቶ ማየት ነው እንጂ ከሌላው ጋር መቀላቀል አይገባም። ሰኔ 2021 ላይ ዳኞች ወርዋሪዎች እጃቸው ላይ የሚቀቡትን ማጣበቂያ መፈተሽ ሲጀምሩ የሊጉ ሽክርክሪት በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውንም አታቀላቅሉ። ሸርዘር በዚያው ሳምንት ፊላደልፊያ ላይ ደጋግመው ሲፈትሹት ቆቡን ጥሎ ቀበቶውን ሲፈታ ያየሁበት ምሽት አይረሳኝም።

የእናንተ ክርክር በአንድ ቡድን ውስጥ መሆኑ ግን ጥሩ ዕድል ነው። አራቱ ተመሳሳይ ሜዳ፣ ተመሳሳይ ጉብታና ተመሳሳይ ተከላካዮች ነበሯቸው። ብዙ የሚያደናግር ነገር በራሱ ተጣጣ። ሁሉም ግን አይደለም። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የስትራስበርግንና የሸርዘርን ኳስ በአብዛኛው የሚቀበለው ከርት ሱዙኪ ሲሆን የኮርቢንን ያን ጎምስ ነበር። ተቀባይ ጓንቱን የሚይዝበት ዘዴ ጠርዝ ላይ ያለፈችን ኳስ ስትራይክ (ለወርዋሪው የምትቆጠር) ወይም ቦል (ለመቺው የምትቆጠር) ሊያሰኛት ስለሚችል ያልተሰነዘረባቸውን ኳሶች ስታወዳድሩ ይህን አስቡ። ኮርቢን ግራኝ መሆኑም አለ። ግራኝ ወርዋሪ የሚገጥመው በብዛት ቀኝ መቺዎችን ነው፤ ለእርሱ ከባዱ ወገን። ስለዚህ ሠንጠረዡን በመቺው እጅ ሳትከፍሉ ኮርቢንን ከሦስቱ ጋር ብታስተያዩት ትበድሉታላችሁ።

እኔም በድያለሁ። በአንድ ወቅት ለአንድ የኮሌጅ ቡድን ይህንኑ ሥራ ስሠራ በሦስት እግር ላይ የሚቆም ተንቀሳቃሽ ራዳር ነበረን። አንድ ቅዳሜ የአንድ ልጅ ስላይደር ከወትሮው አራት ጣት ያህል አብልጦ ታጠፈ። ደስ ብሎኝ አያያዙን ለውጧል፣ በዚህ ይቀጥል ብዬ ለአሰልጣኙ ጻፍኩ። ልጁ እሑድም ሰኞም አያያዙን ሲፈትሽ ሰነበተ፤ ምንም አልለወጠም ነበርና። በኋላ የተጋጣሚውን ቡድን ኳሶች ስመለከት የእነርሱም ሁሉ በዚያው አቅጣጫ አራት ጣት ታጥፏል። የራዳሩ እግር ተንሸራቶ ዞሯል። ከዚያ ወዲህ የአንድን ሰው ቁጥር ከማመኔ በፊት በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ የተጋጣሚው ኳስ ምን እንዳደረገ አያለሁ። ልጅዎ ይህን አንዲት ልማድ ብቻ ቢይዝልኝ ይበቃኛል።

እንግዲህ ፍርዱ። በ2019 ኳስ በኳስ ሲመዘን ሸርዘር ይበልጣል፤ ልጅዎ መልሱን አግኝቷል፣ መንገዱ ነው የጠመመው። ፋስትቦሉ ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስላይደሩም ቼንጅ አፑም ባት ያስታሉ፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይወጣሉ፣ በነጻ የሚያሳልፈው መቺም ጥቂት ነው። ዓመቱን ሙሉ ቡድኑን የተሸከመው ግን ስትራስበርግ ነው። 209 ኢኒንግ ከ172 ጋር ሲተያይ ሠላሳ ሰባት ኢኒንግ ሌላ ሰው መወርወር ነበረበት፤ የ2019ኙ የናሽናልስ ተተኪ ወርዋሪዎች ምን ያህል ደካማ እንደነበሩ ደግሞ እርስዎም ያስታውሳሉ። እርስዎ በተሳሳተ ቁጥር የያዙት ነገር በዚህ በኩል እውነት አለው። ኮርቢን ሦስተኛ፣ ሳንቼዝ አራተኛ ነው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መካከል ያለው ግን ጠባብ ነው፤ ሌላ ባለሙያ ቢገለብጠው አልጣላውም።

ቁጥሩ የነገን እንደማያውቅም ልጨምር። በዚያው ታኅሣሥ ስትራስበርግ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የከፈተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሰውነቱ እምቢ አለ። የ2019ኙን ከርቩን መቶ ጊዜ ብታዩት ያን የሚናገር ነጥብ አታገኙም።

የመጨረሻው ነገር ለክርክራችሁ ነው። በ2019 የዓለም ዋንጫ (ወርልድ ሲሪስ የሚባለው የሊጉ ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ፣ ኦክቶበር 29፣ ሂውስተን ላይ በስትራስበርግ ላይ በመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ተቆጠረበት፤ አንዱ የሂውስተኑ አሌክስ ብሬግማን ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ያለፈ ምት) ነበር። የወርዋሪዎች አሰልጣኙ ፖል መንሃርት፣ ስትራስበርግ ሊወረውር የሚዘጋጀውን ኳስ በእጁ አኳኋን ለመቺዎቹ እያሳበቀ መሆኑን አይቶ ነገረው። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ ከመወርወሩ በፊት እጁን ጓንቱ ውስጥ ይነቀንቅ ጀመር። ስምንት ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ቆየ፤ ከመጀመሪያው ኢኒንግ ወዲያ አንድ ነጥብ አልሰጠም፤ ናሽናልስ 7 ለ 2 አሸነፉ። በዚያ ምሽት 104 ኳስ ወርውሯል። ራዳሩ ኳሱን የሚያውቀው ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው፤ የጓንቱን ነገር አላየም።

104ቱንም አውርዱ። የመጀመሪያውን ኢኒንግ ለይታችሁ ፍጥነቱን፣ መታጠፉንና የመልቀቂያ ነጥቡን ከተቀሩት ጋር አስተያዩ። ስንቱ ላይ ባት ተሰነዘረ፣ ስንቱን ሳቱ የሚለውን ለብቻው ጻፉ፤ በዚህኛው ላይ ግን የ60 ስንዘራውን ስሌት አትርሱ። ኳሶቹ ራሳቸው ተለውጠው ካገኛችኋቸው ጻፉልኝ፤ እኔ ስፈልግ አላገኘሁም።